ቁጥር ያልተሰጣት ማርትሬዛ

በአንድ የሳንቲም ሰብሳቢዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክሩን የከፈተው ሰው የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መናደዱ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። ከሴት አያቱ የወረሳትን ማርትሬዛ ብር ለአንድ የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅት ልኮ ነበር። የድርጅቱን ስም እሱም አልጠራም፣ እኔም አልጠራውም። ሳንቲሟ ከሁለት ወር በኋላ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጋ ተመለሰች። ግን ቁጥር የለባትም። ከ1 እስከ 70 ካለው መለኪያ አንዱ ይሰጣታል ብሎ ሲጠብቅ፣ በቁጥሩ ቦታ ጉዳት እንዳለባት የሚገልጽ ቃል ነው ያገኘው።

እናቱን ጠየቃት። እሷም ሳትሰጠው በፊት በሎሚና በአመድ ጥሩ አድርጋ እንዳሸቻት ነገረችው። ለልጇ የጠቆረ ነገር መስጠት አሳፍሯት ነው። እንግዲህ የሰውየው ጥያቄ ይህ ነበር፦ 240 ዓመት የኖረች ሳንቲም አንድ ቀን ስለታጠበች እንዴት ከነጭራሹ ቁጥር ትከለከላለች? ብሩስ ያው ብር አይደለም ወይ?

ሠላሳ ስድስት መልስ መጥቶለታል። አንድ ምሽት ሙሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከመልሶቹ ሁለቱ የኔ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ስደርስ እናገራለሁ፣ የመጀመሪያው የሚያኮራ አይደለም።

መልስ ቁጥር 1 እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ፎቶ ጠየቀ። ቁጥር 2 በትሕትና አንድ እርማት አስገባ። ሳንቲሟ ላይ 1780 ተጽፏል ማለት በዚያ ዓመት ተመታች ማለት አይደለም። ምስሏ ሳንቲሟ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው በ1780 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ተሸክመው ነው የወጡት። ሚላን፣ ቬኒስ፣ ፕራግ፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃም፤ ያልመታት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። ቪየና ዛሬም ትመታታለች። ሙሶሊኒ በ1935 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያን አግባብቶ መምቻዎቹን ወደ ሮም ያስወሰደው አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ ነው። ከጠገራ ብር ሌላ ባላገሩ እንደማይቀበለው ያውቃል። ነጋዴው ደግሞ ከሮም ብር ማግኘት ሲቸግረው ለንደን በ1936 እ.ኤ.አ. የራሷን መምታት ጀመረች። ስለዚህ የአያትህ ብር የጣሊያን ጊዜ ልትሆንም ትችላለች አለው። ጠያቂው ይህን አልወደደውም። አያቱን ውሸታም ያሉበት ነው የመሰለው።

ቁጥር 3 የክሩ ቁጡ ነው። ሙያውን ግን ያውቃል። የብር ሳንቲም ስትመረምር በአንድ አምፖል ብርሃን ስር በጠርዟ ያዛት፣ ከዚያ ቀስ እያልክ አዘንብላት ይላል። ያልተነካች ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ይዞራል። ይህ ወዝ የሚመጣው መምቻው ብሩን ሲጨፈልቅ ብረቱ ወደ ዳር እየፈሰሰ ከሚተዋቸው በዓይን ከማይታዩ መስመሮች ነው። አመድ የሚፈጨው እነሱን ነው። ከዚያ በኋላ ሳንቲሟ ታበራለች፣ ግን ብርሃኑ ቆሞ ይቀራል፣ አይዞርም። በማጉያ መነጽር ሲታይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው ይገኛሉ። በፊደሎቹ ብብት ውስጥ የቀረው ጥቁር እድፍ፣ ከላይ ከሚያብለጨልጨው ሜዳ ጋር ጨርሶ አይስማማም። አዲስ ሸማ በረኪና ውስጥ እንደመንከር ነው ብሎ ደመደመ። ይህን ብሎ ቢያቆም ጥሩ ነበር። በዚያው ላይ እናትየው ቅርስ ገድላለች ብሎ ጨመረበት።

ከዚህ ሁሉ የወደድኩት ቁጥር 4ን ነው። የጻፈችው ሴት ከባሕር ዳር ናት። አያቶቻችን ደረጃ መስጠት ከአሜሪካ አልተማሩም አለች። ገበያ ላይ ብር ሲቀበሉ እንዲህ ገልበጥ እያደረጉ፣ እቴጌዪቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አይተው ሉሎቹን ይቆጥሩ ነበር። ዘጠኝ መሆን አለባቸው። በራሷ ጌጥ ላይ ያሉት ደግሞ ሰባት። ሉሉ ተበልቶ የማይቆጠር ከሆነ ብሩ ይመለሳል፣ ወይም ዋጋው ይቀነሳል። እንዲያውም ያፈጠጠ አዲስ ብር ሲመጣ የሚጠረጥርም ነበር። ለዚህ መልስ የደረሳት አንድ ምስጋና ብቻ ነው። እሱም የኔ ነው።

ቁጥር 5 ተከራከራት። እነሱ የሚፈሩት ሐሰተኛውንና ሚዛኑ የጎደለውን ነው እንጂ ስለ ውበት ደንታ አልነበራቸውም አለ። እውነት አለው። ግን መልኩን አይቶ ዋጋ መቁረጥ መልኩን አይቶ ዋጋ መቁረጥ ነው። ቁጥር 6 በሁለቱም ተስማማ። ቁጥር 7 ምንም ሳያነብ ስንት ታወጣለች ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 8 ለእሱ ሒሳብ ሠራለት። ሙሉ ክብደቷ 28.07 ግራም ገደማ ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ ስለዚህ ከ23 ግራም ትንሽ በላይ ጥሩ ብር አለባት። የዕለቱን የብር ዋጋ አባዛበት፣ ከዚያ በታች አትሽጥ አለው። ብሩ ያው ብር አይደለም ወይ ላለው ጠያቂም በቂ መልስ ይመስለኛል። ያው ብር ነው፣ ለአንጥረኛ።

ቁጥር 9 ጠያቂውን ጋሼ እያለ ነው የጻፈው፣ ዕድሜውን ከየት እንዳወቀ እንጃ። የ70ውን መለኪያ ታሪክ አመጣ። ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹን የድሮ የአሜሪካ ሳንቲሞች ለመመዘን ያወጣው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ እንከን የሌላት ሳንቲም ጨርሳ ከተበላችው 70 እጥፍ ታወጣለች። ዋጋው ወዲያው ከስሌቱ ወጣ፣ ቁጥሩ ግን ቀረ። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች፣ አንዱ በ1986 ሌላው በ1987 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምሩ ይህንኑ ቁጥር ይዘው ሳንቲሙን በፕላስቲክ ማሸግ ጀመሩ። ከ60 ጀምሮ ወደ ላይ ያለው እጅ በእጅ ያልተገበያየ ነው። ከ50 እስከ 58 ከፍ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ሸርተት ያለ ነው። 40 እና 45 በደንብ የቆየ ግን ዝርዝሩ የሚታይ። ከዚያ ወደ ታች እየተበላ ይሄዳል። ማርትሬዛ ላይ መጀመሪያ የሚበላው ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ የሻሿ እጥፋትና ትከሻዋ ነው። በጀርባዋ በኩል ደግሞ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ደረት። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀ። መምቻው ራሱ ደክሞ ፀጉሩን ሳያወጣው የቀረ ሳንቲም አለ። ልዩነቱ ወዙ ላይ ነው። የተበላ ቦታ ወዙ ይጠፋል፣ ሳይወጣ የቀረ ቦታ ግን ለስላሳ ሆኖም ብርሃኑ ያልፍበታል። ይቺን ምክር ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ።

ቁጥር 10 ይህ ሁሉ የነጭ ጨዋታ ነው ብሎ አጣጣለው።

ቁጥር 11 እኔ ነኝ። ጠያቂውን ላጽናና ብዬ፣ ተስፋ አትቁረጥ፣ ቀላል እጥበት አንዳንድ ጊዜ ይታለፋል፣ ሌላ ድርጅት ብትልካት ቁጥር ልታገኝ ትችላለች አልኩት። በልበ ሙሉነት ነው የጻፍኩት። ሳንቲሟን አላየሁም፣ የተጻፈባትንም አላነበብኩም። ቁጥር 12፣ ያው ቁጡው ሰው ተመልሶ መጣና አፈር አስገባኝ። ለሰው ኪስ አታዝንም ወይ አለኝ፤ የማርትሬዛ ዋጋ ከመላኪያውና ከምርመራው ክፍያ ስንት ይተርፋል? እዚህ ላይ ትክክል ነበር። ብዙ ሚሊዮን ተመትታለች፣ አብዛኛዋ ለምርመራ የሚወጣባትን አትመልስም።

ከዚያ ነገሩ ከሳንቲሟ ወጣ። ቁጥር 13 ውጭ ያለነው ሰዎች የአያቶቻችንን ንብረት እያወጣን ለፈረንጅ ዋጋ እናስቆርጣለን አለ። ቁጥር 14 መልሶ፣ አገር ቤት ያለውስ ቀልጦ ሰንሰለት አልሆነም ወይ አለው። ቃላቱ ከዚህም የባሱ ነበሩ። ቁጥር 15 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ሁለቱንም አስጠንቅቆ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል ነበረበት፣ በኋላም ቁጥር 28 ብሎታል። አገር ውስጥ ያለ ሰው ቅርስ የሆነ ሳንቲሙን ለደረጃ ብሎ ውጭ ከመላኩ በፊት አዋጅ 209/1992ን ይመልከት። ቅርስ ከአገር የሚወጣው ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን በፈቃድ ነው። ቁጥር ለማስጻፍ የሚል አልተጻፈበትም።

ቁጥር 16 ጭቅጭቁን እንዳላየ ሆኖ ሐሰተኛ መለያ መንገድ ይዞ መጣ። ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ሳንቲሟን ትመዝናለህ። ቀጥሎ በብርጭቆ ውኃ ሞልተህ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጥና ዜሮ ታደርገዋለህ። ከዚያ ሳንቲሟን በክር አንጠልጥለህ፣ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስትገባ፣ የብርጭቆውን ግርጌ ሳትነካ ታነባለህ። ደህና ማርትሬዛ 2.75 ግራም አካባቢ ታሳይሃለች። ሦስት ካለፈ ከብር የቀለለ ነገር ነው። ማታ የራሴን ሞከርኩ። 2.76 አለች። ደስ አለኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ክሩን የገለበጠው ቁጥር 17 ነው። አንዲት አጭር ጥያቄ። ፕላስቲኩ ላይ በትክክል የተጻፈው ምንድን ነው? እስከዚያ ድረስ ማናችንም አልጠየቅንም። ሰውየው ታጠበች ስላለ ሁላችንም ስለ መታጠብ ተከራከርን። ቁጥር 18 ጠያቂው ራሱ ነው፤ የወረቀቱን ፎቶ ለጠፈ። ወረቀቱ ላይ ስለ መታጠብ አንድም ቃል የለም። ያለው ማንጠልጠያ የተነሳላት የሚል ነው። ጠያቂው ያንን ቃል አይቶት ነበር። ስለ ፕላስቲክ መያዣው የሚያወራ መስሎት አልፎታል።

ቁጥር 19፣ ያው 17ን የጻፈው ሰው፣ ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አዙረህ ከእቴጌዪቱ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ ተመልከት አለው። የማርትሬዛ ጠርዝ ሜዳ አይደለም። ዙሪያዋን ዩስቲሺያ ኤት ክሌሜንሺያ የሚሉ ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላት ይዞሯታል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። በፊደላቱ መሐል ሐረግ የመሰለ ጌጥ አለ። ጠያቂው በስልኩ አቅርቦ አንስቶ ለጠፈው። እኔም አሳድጌ አየሁት። ፊደላቱ እየተከተሉ መጥተው ድንገት ይቆማሉ። የጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ ጠርዙ ተሞርዶ ልስልስ ብሏል። ከላዩ ሜዳው ላይ ደግሞ ግራጫ ጥላ አለ፣ የብየዳ ትኩሳት የተወው። ሞረዱ የበላው ከምሕረት ላይ ነው፣ ሁለት ፊደል ተኩል። አንድ ሰው በዚህ መቀለዱ አልቀረም።

በዚህ መሐል ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ፣ እንደ ልማዱ። ቁጥር 20 የምኒልክ ብር ይሻለኛል አለ። ፓሪስ የተመታች፣ ዓመተ ምሕረቷ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ። ቁጥር 21 ሰው ግን ያኔ የንጉሡን ትቶ ማርትሬዛን ይመርጥ እንደነበር አስታወሰው። ቁጥር 22 አዳማ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የጻፉት ስለ ስሙኒ ነው። 1936 የተጻፈባት የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ስትወጣ ጠርዟ ክብ ነበር። ብልጦች ብር እየቀቧት ሃምሳ ሳንቲም ነች ብለው ያስተላልፏት ጀመር፤ ሃምሳዋ የእውነት ብር ነበረችና። ባለሥልጣኖቹ ሲነቁ ስሙኒዋን ሰብስበው ጠርዟን እንደ አበባ ቅጠል ቆረጧት። ልጆች ሆነን ያቺ አበባ ለውበት ትመስለን ነበር አሉ። ቁጥር 23 ወደ አክሱም ወሰደን፤ ብር ሳንቲም ላይ ወርቅ ይለጥፉ ስለነበሩት ነገሥታት። ያ ወርቅ ዛሬ በአብዛኛው ተፍቋል፣ ትንሽ ቅሪት ያለባት ግን ከሌሎቹ ተለይታ ትታያለች አለ። ለእሱም ታዲያ አትጠቡ የሚል መልስ መጣለት። ቁጥር 24 ስለ ዶላር ምንዛሪ ነበር፣ ዘለልኩት።

ቁጥር 25 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። አነጋገሩ ተለውጧል። እናቱን እንደገና ጠይቋት ሁለተኛ ኑዛዜ አገኘ። አያቱ ያችን ብር አንገቷ ላይ ነበር የምታስራት፣ ከብር መስቀሏ ጎን። እናትየው ወደ አሜሪካ ስትመጣ ብሯን ፒያሳ አንድ ብር ሠሪ ጋ ወሰደቻት፣ ማንጠልጠያውን አስነሳች፣ ጠርዙንም አስሞረደች። ምክንያቷ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። ለልጇ የምታወርሰው ገንዘብ እንዲመስል ፈልጋ ነው። ጌጥ ብቻ ሆኖ እንዳይቀርበት።

ከዚህ በኋላ የመልሱ ድምፅ ለዘብ አለ። ቁጥር 26 እና 27 ስለ አያቶቻቸው ጻፉ። ቁጥር 3 እንኳን፣ አሁን ቁጥር 29 ሆኖ፣ ስለ እናትየው ያለውን ነገር ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው አንድ መስመር ነበር። ቀጥሎ ግን ስድስት መስመር የምርመራውን ትክክለኛነት ተከላከለ። ጠርዝ የተበየደባት ሳንቲም ቁጥር ብታገኝ ኖሮ፣ ነገ ሳያይ የሚገዛት ሰው ይታለላል። ቁጥሩ ለሻጭ ክብር የወጣ አይደለም፣ ለማያይ ገዢ ዓይን ነው። እኔ ደግሞ በ30 ገብቼ በ11 ያልኩትን አነሳሁ። ሌላ ድርጅት ብትልካት ያው ነው የሚሉህ፣ ገንዘብህን ያዝ አልኩት። አስተዳዳሪው የአውራ ጣት ምልክት ሰጠኝ። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

ቁጥር 31 ፕላስቲኩን ስበረው አለው። ቁጥር 32 አትስበር፣ ቢያንስ እውነተኛ መሆኗን ያረጋግጥልሃል አለ። ቁጥር 33 መሰበሩ ካልቀረ በመዶሻ እንዳይመታው፣ ጥጉን በጉጠት ቆረጥ ቆረጥ እንዲያደርገው መከረ፤ ከተሰበረ በኋላም ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳያስቀምጣት። አንዳንዱ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር እያወጣ ብሩን ይበላል።

ቁጥር 34 ጠያቂው ነው። አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለጥፏል። ሹሩባ የተሠራች ወጣት ሴት በር ላይ ቆማለች። ቀሚሷ ላይ፣ ከመስቀሏ በስተግራ፣ ክብ ነገር ይታያል። ፊቱ አይለይም፣ ፎቶው ላይ የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ከፎቶው በታች የጻፈው ስለ ደረጃ አይደለም። ፕላስቲኩን ሰብሮታል። እናቱ ማንጠልጠያው እንዲመለስ ትፈልጋለች፣ እህቱ በሚቀጥለው ዓመት ስለምታገባ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ብር ሳያቀልጥ የሚበይድ ሰው የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ቁጥር 35 ምስኪን፣ ስንት ታወጣለች አለ።

ቁጥር 36 ቁጡው ሰው ነው። አንድ የሚያምነው አንጥረኛ እንዳለና ስልኩን በግል እንደሚልክለት ጻፈ። ብየዳው በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ይሁን፣ የተሞረደው ቦታ ላይ ብቻ ይያዝ፣ ከምሕረት የቀሩትን ፊደላት እንዳይነካ። ደግሞ ስትወስዳት እንደዚሁ ውሰዳት አለው፣ እናትህ መጀመሪያ በሎሚ እንዳትነካት።